አሥር እርምጃ እስከ ብረቱ በር

ሰውየውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አቶ መዶሻ በሚል ስም ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ትንሽ መዶሻ በኪሱ ይዞ የኪራይ ቤቶችን የውጭ የብረት ደረጃ ሲቀጠቅጥ ኖሯል። እሳት ቢነሳ፣ ሰው በውስጥ በኩል መውረድ ሲያቅተው የሚያመልጥበት፣ ከግድግዳው ውጭ የተለጠፈ ደረጃ አለ አይደል? እሱን ነው። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ ዝገት ውስጥ ውስጡን የበላው ብረት ግን ድም ብሎ ዝም ይላል። አቶ መዶሻ እያንዳንዷን መርገጫ አንድ ጊዜ ይመታል። ዝም ያለችዋን ይደግማታል። አሁንም ዝም ካለች በቀይ ቀለም ያሰምርባትና ቅጹ ላይ ይጽፋታል።

ከዚያ በፊት በያጅ ነበር። "ብየዳውን አይቼ፣ በያጁ ከምሳ በፊት ይሁን ከምሳ በኋላ እንደበየደው አውቃለሁ" ይላል። ማን ሊያረጋግጥበት! የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ግን የቀጠረው ለዚህች ጉራው ሳይሆን ለጆሮው ነው፤ በመቅጠሩም ተጸጽቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ የማይሽረው ሕግ ነበረው፤ ደረጃ የሚመረመረው ከላይ ወደ ታች ነው። ሌላው መርማሪ ግቢ ውስጥ ቆሞ አንጋጦ ያይና፣ ሁለት ሦስት መርገጫ ወጣ ብሎ ፊርማውን ያኖራል። እሱ ግን "የሚሸሽ ሰው ከታች አይጀምርም" እያለ በውስጥ በኩል እስከ መጨረሻው ፎቅ ይወጣል፤ ኮሪደሩን ይጨርሳል፤ ጫፉ ላይ ያለውን የብረት በር መወርወሪያ ስቦ፣ በሩን ገፍቶ ይወጣል። መዶሻው ከኪስ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ካልተከፈተ ደረጃው ጌጥ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እነዚያ በሮች ጋ የማይገኝ ጉድ የለም። የተበላሸ ማቀዝቀዣ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ብስክሌት፣ የሕፃን አልጋ፣ አንድ ጊዜማ ለሠርግ ተከራይተውት ያልመለሱት ሃያ ወንበር። ተከራዩን ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነው። "ለጊዜው ነው ጋሼ።" እሱም መልሱ አንድ ነው። "እሳቱም የሚመጣው ለጊዜው ነው፤ ከርሞ አይሰነብትም።" ቅጹ ላይ "ምክንያት" የምትል ጠባብ ሳጥን አለች፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ "ለጊዜው ተብሎ" ብሎ ስንት ጊዜ እንደሞላት ፈጣሪ ይወቀው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አሁን የሚኖርበትን ቤት የተከራዩት አብረው ነው፤ አራት ፎቅ፣ በየፎቁ ስድስት ክፍል፣ አንድ የጋራ ወጥ ቤት። ሊያዩት የመጡ ቀን እሷ ወጥ ቤቱን ስታይ እሱ ደረጃውን ሊመታ ሄደ። "ቤቱ እንዴት ነው?" ብትለው "ሃምሳ አራቱም መርገጫ ይጮኻሉ" አላት። "እኔ ሳይሆን እነሱ ይጩሁልህ እንግዲህ" ብላ ሳቀችበትና ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከብረቱ በር አጠገብ ያለውን ክፍል ያዙ።

ፊት ለፊታቸው ያለው ክፍል ባዶውን ነበር። በኋላ የያዙት እማማ ስልክ ናቸው። እኚህ ሴትዮ ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ውስጥ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ድምፃቸው ግን እስካሁን እንደ ደወል ጥርት ያለ ሴትዮ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ይከብደኛል ብለው ሲያመነቱ ያግባባቸው አቶ መዶሻ ነው። "ይያዙት እማማ። ለእርስዎ ጉልበት ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም። ክፉ ቀን ቢመጣ ከአልጋዎ እስከ ብረቱ በር አሥር እርምጃ ነው፤ እኔ ለክቼዋለሁ።" በዚህች ቃል ያዙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያሉ በዚያ የስልክ ድምፃቸው እየቆጠሩ ይሄዱና፣ ልክ አሥር ላይ በሩን ገፍተው ደረጃው አናት ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሱም ሲያልፍ "ወንበሩን ይዘውት ይግቡ እማማ፤ አለዚያ እጽፍዎታለሁ" ይላቸዋል። ሁሌም ይስቃሉ።

ከዚያ ሚስቱ ሞተች። ታመምኩ ብላ ማክሰኞ በእግሯ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ዓርብ አለፈች። ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚወራ ነገር የለውም። በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ከቀብሩ በኋላም አላለቀሰም። ሰው "ጀግና ነው፣ ቻለው" አለ። ምኑን ቻለው! የሚቻል ነገር መቼ መጣና? ደነዘዘ እንጂ። እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡት እንደማያመው፣ ሁሉ ነገሩ እንደዚያ ሆነ። እህቱ ሳምንት ከርማ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ በየቀኑ ትደውላለች።

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በላህ?"

"ምግብ።"

እህቱም ታለቅሳለች፤ እሱ ስልኩን እንደያዘ እስክትጨርስ ይጠብቃታል።

ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር የሚስቱ የስፌት መኪና ነበረች። በእግር የምትረገጥ፣ እግሮቿ ወፍራም ብረት፣ ሁለት ሰው የሚሸከማት የድሮ መኪና። ሚስቱ ሐኪም ቤት ከመሄዷ በፊት የእማማ ስልክን መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ አረንጓዴው ጨርቅ ግማሹ ተሰፍቶ፣ መርፌው እንደተሰካበት፣ ክሩም እንዳለ ቀርቷል። አቶ መዶሻ መርፌውን ማንሳት አልቻለም። እንዳለች ትቷት ሊያያትም አልቻለም። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋን እየገፋ ወደ ኮሪደሩ አወጣት። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ መሃሉ ላይ ብትቀመጥ መተላለፊያ ትዘጋለች። ጫፉ ድረስ ገፋትና ከብረቱ በር ጋር አስጠግቶ አቆማት። አበባ ያለበት አንሶላ አለበሳት። ለራሱ "ለጊዜው ነው" አለ።

አዎን፣ እሱ! ለአሥራ ሰባት ዓመት ሰውን ሁሉ በዚህች ቃል ሲቆጣ የኖረው ሰውዬ! "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ይሉ የለ? እሱ ግን ማረሩንም አላወቀም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ጠዋት ሲወጣ፣ ማታ ሲገባ በመኪናዋ አጠገብ ያልፋል፤ የሚያየው አንሶላ ነው። ከአንሶላው ጀርባ በር እንዳለ፣ ከበሩ ጀርባ ራሱ የመታው ደረጃ እንዳለ፣ ከጎኑ ደግሞ ጉልበት የሌላቸው አሮጊት እንደሚተኙ አንድም ቀን ትዝ አላለውም።

ጎረቤቱስ? ጎረቤቱ አየ። አይቶም ሆድ ይፍጀው አለ። ሐዘንተኛን "ዕቃህን አንሳ" የሚል አፍ የማን ነው? ደግሞም የደረጃ ሰው እሱ፣ የበር ሰው እሱ፤ እሱ ካስቀመጠውማ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ተባለ። አንድ ነገር የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ሌላውን ይጠራል። አንዱ ባዶ ጀሪካን አስጠጋ፤ ሌላዋ የሽንኩርት ጆንያ፤ ሌላው የክረምት ጫማ በካርቶን። በሦስት ወር ውስጥ የኮሪደሩ ጫፍ ዕቃ ቤት ሆነ። እማማ ስልክም ቅዳሜ መውጣታቸውን ተዉ። "ጉልበቴን ባሰብኝ" አሉ። ማንም ነገሬ አላለም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። መርማሪ የሚኖርበትን ቤት ራሱ አይመረምርም፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። የእሱን ቤት የሚያየው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሸምበቆ የሚሉት። ሚስትየዋ ባረፈች በአምስተኛው ወር ሸምበቆ መጣ። እንደ አቶ መዶሻ ሕግ ከላይ ጀመረ፤ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ የኮሪደሩን ጫፍ ሲያይ ቆመ። የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። መርፌውን አየ፤ ግማሽ የቀረውን መጋረጃ አየ። አንሶላውን ቀስ ብሎ መለሰው። አቶ መዶሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ያየዋል። ሸምበቆ ቅጹን አወጣና "በር" በሚለው ፊት "ክፍት" ብሎ ጻፈ።

"ሻይ ላፍላልህ?" አለው አቶ መዶሻ።

"የለም፣ ልሂድ። በርታ ወንድሜ።"

ሲጽፍ አይቶታል እኮ! ፊደሏን ሁሉ አይቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅጹን ነጥቆ ይቀደው ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ክፍሉ ተመለሰና ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ሥራውን አላጓደለም፤ መዶሻው እንደ ወትሮው ይመታል፣ ቀዩ ቀለም እንደ ወትሮው ይሰመራል። እንዲያውም ቁጣው በርትቷል ይሉታል። ለሌላ ሰው በር የሚበቃ ቁጣ አላጣም።

ሐሙስ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ከቤቱ ሁለት መንገድ ወዲያ ባለ አንድ የኪራይ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የብረቱ በር ፊት አንድ ቁም ሣጥን አገኘ። ባለ ቁም ሣጥኑ ቅርብ ጊዜ ያገባ ወጣት ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለጊዜው ነው ጋሼ፤ ትልቅ ክፍል እስክናገኝ።"

"ሰው ቢሞትብህስ? እ? ቁም ሣጥንህን አቅፈህ ልታለቅስ ነው?" ብሎ ሲያፈጥበት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የቤታቸው ዘበኛ ነው።

"ጋሼ! ጋሼ! ቤታችን ተያያዘ! አንደኛ ፎቅ፣ ፀጉር ሠሪዋ ክፍል ነው፤ ሶኬቱ ፈንድቶ ፍራሹን ያዘው! ደረጃው በሙሉ ጭስ ነው!"

"የውስጡ?"

"የውስጡ ነዋ!"

"ሰው ወረደ?"

"ወርዷል፣ ሁሉም ወርዷል..." ዘበኛው አሳለው። "እማማ ስልክን ግን አላየኋቸውም።"

ወጣቱ ባል በኋላ ሲያወራ "ሰውየው ፊት ላይ ደም አልቀረም" ብሏል። ቁም ሣጥኑን እያየ ነበር አሉ። እጁን ቁም ሣጥኑ ላይ አሳረፈና "መኪናዋ" አለ። ከዚያ ሮጠ።

የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ይታወቃል፤ እሱ ግን ሮጠ። ግቢው ሲደርስ ከዋናው መግቢያ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የስፖንጅ ፍራሽ ጭስ ነው፣ ሦስት ጊዜ ከሳቡት አራተኛ የለም። ፀጉር ሠሪዋ መሬት ላይ ተቀምጣ "በእኔ ይሁን፣ በእኔ ይሁን" ትላለች። ሁለት ሦስት ወንዶች በባልዲ ይራወጣሉ። አቶ መዶሻ ቀና አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ጭስ ይወጣል። ደረጃው አናት ላይ ሰው የለም።

ነገሩ ወዲያው ገባው። እማማ ስልክ ከመኪናዋ በላይ ምርኩዛቸውን ዘርግተው መወርወሪያውን ስበውታል፤ በሩን ገፍተው ከፍተውታል። መውጣት ግን አልቻሉም። የተከፈተው በር ደግሞ ከታች ያለውን ጭስ ሁሉ በኮሪደሩ በኩል እየሳበ በእሳቸው ላይ ያመጣዋል።

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃን ከታች ጀመረ። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን መርገጫዎች እንዴት እንደወጣ አያስታውስም። በሩ ላይ ሲደርስ አበባው አንሶላ በጭስ ጠቁሯል። ከመኪናዋ ወዲያ፣ ከጀሪካኖቹና ከሽንኩርቱ መሃል፣ እማማ ስልክ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ሻርፕ አፋቸው ላይ፣ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ። ምርኩዛቸው ብቻ በመኪናዋ አናት በኩል ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይታያል።

"መጣህ?" አሉት። ከሥራ እንደተመለሰ ሰው።

"ዝቅ ይበሉ! ወለሉን ይያዙ እማማ፣ ሻርፑን ከአፍዎ እንዳያነሱ!"

መኪናዋን ያዘና ሳበ። የአንዷ እግሯ መንኮራኩር የበሩ ደፍ ላይ ተያዘ። አነሳና ሳበ። ወጣች። ግን ወዴት? የደረጃው አናት ስፋት አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ መኪናዋ እዚያ ከቆመች አይደለም አሮጊት፣ ድመትም አታልፍም። ወደ ታች ተሸክሟት እንዳይወርድ ጊዜ የለም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ከደረጃው የአጥር ብረት በላይ።

አላመነታም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንሶላው ተንሸራትቶ ወድቆ ነበር፤ አረንጓዴው መጋረጃ ብቅ ብሏል፤ መርፌው እንደተሰካ ነው። እጁ ወደ መርፌዋ ማንሻ ሄደ። መርፌውን ላነሳ፣ ጨርቁን ላውጣ፣ ይቺን ብቻ ላትርፍ አለ። በዚያች ቅጽበት ከኋላው እማማ ስልክ ሳሉ። ሳሉና ድምፃቸው ተቋረጠ።

"ገለል በሉ!" ብሎ ወደ ግቢው ጮኸ። "ከሥር ገለል በሉ!"

ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ብረት እግሮች አቀፈ። ደረቱ ላይ አስደግፎ አነሳት፤ አጥሩ ላይ አስቀመጣት፤ ገፋት። መጋረጃው ከኋላዋ እየተጎተተ ሄደ። ዓይኑን ዞር አደረገ፤ ጆሮውን ግን ማዞር አልቻለም። መኪናዋ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ስታርፍ የወጣው ድምፅ ሰፈሩን ሁሉ አስደነገጠ። ጮኸች። ደህና ብረት ነበረች።

ከዚያ ጀሪካኑን በእግሩ አሽቀንጥሮ ገባ፤ አሮጊቷን እንደ ሕፃን አዝሎ በዚያው ደረጃ ወረደ።

እሳቱ ሩብ ሰዓት አልቆየም። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ግድግዳ፣ የፀጉር ሠሪዋ ጥቂት ዕቃ፤ ሌላ የተቃጠለ የለም። እማማ ስልክን ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ሳንባቸው ጭስ ጠጥቷል፣ ግን ይተርፋሉ ተባለ። አቶ መዶሻ ግቢው መሃል ቆሞ ቀረ። ሰው ከበበው። "እግዜር ይስጥህ!" "አንተ ባትኖር አልቀውብን ነበር!" "እንዴት ያለ ልብ ነው! ለሚስቱ መታሰቢያ እንኳ ሳይሳሳ!" ፀጉር ሠሪዋ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ እንኳ "መኪናዋን እዚያ ማን አስቀመጣት?" ያለ የለም። ሁሉም ያውቃል። ይሉኝታ አሁንም አፋቸውን ይዞታል። እሱም ምርቃቱን ቆሞ ተቀበለ፤ አሜንም አላለ፣ እምቢም አላለ። በእግሩ ሥር ክር የተጠቀለለባት አንዲት ትንሽ ብረት ነበረች፤ አነሳትና ከመዶሻው ጋር ኪሱ ከተታት።

በማግስቱ ሸምበቆ መጣ፤ ቃጠሎ የደረሰበት ቤት እንደገና መመርመር አለበት። ሁለቱ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ አናት ላይ ቆሙ። ከታች ዘበኛው የመኪናዋን ስብርባሪ ይጠርጋል።

"ደረጃው ደህና ነው" አለ ሸምበቆ። "በሩንም ክፍት እላለሁ። ተከፍቶ ነው እኮ የተገኘው።"

"ዝግ በል።"

"ኧረ ተው እንጂ..."

"ዝግ ነበር። ጻፍ። በምን ይላል ቀጥሎ፤ በስፌት መኪና በል። ያስቀመጠው ሰው ይላል፤ የእኔን ስም ጻፍ።"

ሸምበቆ እስክሪብቶውን ጨብጦ ቀረ። "አንተ ላይ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ? ያለፈው ቅጽም አለ። እሱን ያወጡታል። እኔም እኮ ልጠየቅ ነው።"

"ልንጠየቅ ነው፤ ሁለታችንም። አንተ ስትጽፍ እኔ ቆሜ አይቼሃለሁ። አንተ እንኳ ለእኔ አዝነህ ነው። እኔ ምን ብዬ ነው?" ድምፁ ውስጥ ቁጣም ለቅሶም የለም፤ መርገጫ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። "ምክንያት የምትለዋን ሳጥን አልሞላሃትም።"

"ምን ልበል?"

"ለጊዜው ተብሎ።"

ሸምበቆ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጻፈ። ጽሕፈት ቤቱ ለሁለቱም ደብዳቤ አወጣ፤ ሸምበቆ ተገሠጸ፣ አቶ መዶሻ ለስድስት ወር መዶሻውን አስረክቦ መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሰፈርተኛው "ሰው አድኖ ይቀጣል? ወይ ዘመን!" ብሎ ተንጫጫ። እሱ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ አስረከበ። አልከፋውም፤ ደስም አላለውም። ድንዛዜው አሁንም እንዳለ ነው።

እማማ ስልክ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ተመለሱ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ምንም የለም፤ ወለሉ ታጥቧል፤ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ አልቀረም። መስኮታቸው ላይ ግን አረንጓዴው መጋረጃ ተሰቅሏል። ታጥቧል፤ አንደኛው ጠርዙ እንዳልተሰፋ ነው። አሮጊቷ ትንሽ አዩትና አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። አቶ መዶሻ በሩ ላይ ቆሟል።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለ። ሁለት ሳምንት ያብላላት ጥያቄ ነች።

"ምን ብዬ ልንገርህ?"

"በሬን ዘግተህብኛል ብለው ነዋ! አንሳ ብለው!"

"ማታ ማታ ስትገባ" አሉ እማማ ስልክ፣ "እጅህን አንሶላው ላይ ታሳርፋለህ። ሁልጊዜ። ትንሽ ቆመህ ትገባለህ። በሬ ገርበብ ስለሚል አይሃለሁ። ይህን ሰው አንሳ ልበለው? አፌ እንዴት ይላቀቅ?"

እሱ እጁን ማሳረፉን አያውቅም ነበር። አንድም ቀን አላወቀም።

"ቢሞቱስ?"

"ኧረ እኔስ እሞታለሁ አላልኩም። አሥር እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህ? አንተ ያስቀመጥከውን ነገር አንተው የምታውቀው መስሎኝ።" ምርኩዛቸውን ፈለጉ። "በል ና ያዘኝ። ፀሐይ ካየሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

ክንዳቸውን ያዘ። ከአልጋው ተነሱ። "አንድ" አሉ እማማ ስልክ በዚያ ጥርት ባለ ድምፃቸው። "ሁለት። ሦስት።" እግራቸው ከወለሉ ብዙም አይነሳም፤ እርምጃቸው አጥሯል፤ ክንዳቸው መዳፉ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሰው ካልሄደ ጉልበቱ ይረሳል። "ስምንት። ዘጠኝ። አሥር።"

አሥር ሲሉ በሩ ገና ነው። ሁለቱም ወደ በሩ አዩ።

"አሥራ አንድ" አሉ እማማ ስልክ ቀስ ብለው። "አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።" የብረቱን በር በምርኩዛቸው ነኩት። "አሥራ አራት። እንዴ! እኔ ሐኪም ቤት ስተኛ ኮሪደሩን አስረዘማችሁት እንዴ?"

ቀልዳቸው ነው። እሱ ግን አልሳቀም። በሩን ገፍቶ ከፈተላቸው፤ ወንበራቸውን አወጣላቸው፤ ደግፎ አስቀመጣቸው። ከዚያ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። አራት እርምጃ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እኚህን ሴትዮ እዚያ ክፍል ውስጥ ዘግቶባቸው አራት እርምጃ ቀምቷቸዋል። ዝገት ቢሆን ይሰማው ነበር፤ በቀይ ያሰምርበት ነበር። አፈረ፤ እፍረቱ ፊቱን አቃጠለው። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር ሲያቃጥለው ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። ከእፍረቱ ኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ መጣ፤ ማክሰኞውም መጣ፣ ዓርቡም መጣ፣ "እነሱ ይጩሁልህ" ያለችው ሳቋም መጣ፤ ግቢው ውስጥ የጮኸችው መኪናም መጣች። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሚስቴ አለ። ወይኔ ሚስቴ። ከታች ዘበኛው መጥረጊያውን ይዞ ቀና አለና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

እማማ ስልክ ፊታቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው እስኪወጣለት ጠበቁት። ሲቃው ቀለል ሲል በምርኩዛቸው ጫፍ ጎኑን ነካ አደረጉት።

"በል ተነስ። በር ዘግተህ ተቀምጠሃል፤ እጽፍሃለሁ።"

"ለጊዜው ነው እማማ" አለ በእጁ ጀርባ ፊቱን እየጠረገ። ተነሳና በሩን ለቀቀ።